መጣ… ሄደ

ጭሮ ውስጥ የት ነው የምትኖረው ሲሉኝ «ፎቅ ላይ» እላለሁ። ውሸት የለበትም። ወደ ክፍሌ የምገባው ከመሬት በደረጃ ወጥቼ ነው፤ ደረጃው መሰላል መሆኑን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አልተናገርኩም።

ቤቱ ሲሠራ እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ቤት ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ። የአከራዬ የአዴ ባል፣ አላህ ይማራቸውና፣ ገበሬም ነጋዴም ስለነበሩ ጣሪያውን ከፍ አስደርገው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ማሽላ የሚቀመጥበት ቆጥ አሠሩ። ዘመን ሄደ። ልጆቹ ድሬዳዋና ጅቡቲ ገቡ፣ ማሽላውም ከማሳ በቀጥታ ገበያ መውጣት ጀመረ፣ ቆጡ ባዶ ቀረ። በዛሬው የቤት ኪራይ ደግሞ ባዶ ቦታ ማስቀመጥ ነውር ነው። አዴ አናጢ ጠርተው ጣውላ አስመቱበት፣ በጎኑ ሞሰብ የምታሾልክ መስኮት አስከፈቱ፣ አምፖል አንጠለጠሉና እኔን አስገቡኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ማሽላ ኪራይ አይከፍልም ነበር፤ ልዩነታችን ይኸው ነው። እስካሁን አንዳንድ ሌሊት አይጥ መጥታ ትፈልገዋለች።

ቀጥ ብዬ የምቆመው በክፍሉ መሐል ለመሐል ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ከሄድኩ እንደ ደጅ ጠኚ ማጎንበስ አለብኝ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ስለሚግል ሸሚዜን አጥቤ ከማገሩ ላይ ከሰቀልኩት ካውያ አያስፈልገውም። ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ «ጣ! ጣ!» እያለ ይኮማተራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ድንጋይ የሚወረውርብኝ ጠላት ያለኝ መስሎኝ ነበር። ዝናብ ሲጥል ስልክ የደወለልኝ ሰው ሁሉ «ወፍጮ ቤት ነህ እንዴ?» ይለኛል።

ስለ ቆጥ ግን ክፉ አልናገርም። ቴሌቪዥን ራሱ የተወለደው ቆጥ ላይ ነው። ጆን ሎጂ ቤርድ የሚባል ኪሱ የነጣ ስኮትላንዳዊ ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር፣ ፍሪዝ ጎዳና ቁጥር 22፣ ልክ እንደ እኔ ከጣሪያ ሥር ተከራይቶ ይኖር… ይኖር ሳይሆን ይሠራ ነበር። ሰው ፊቱ ተቀምጦ የመብራቱን ትኩሳት ስለማይችልለት የሚሞክረው በአሻንጉሊት ጭንቅላት ነበር። በመስከረም 1918 ዓ.ም. አንድ ቀን የአሻንጉሊቱ ፊት አፍንጫና ዓይኑ ተለይቶ ታየው። በደስታ ደረጃውን እየዘለለ ወረደና ከታች ካለው ቢሮ ዊልያም ቴይንተን የሚባለውን ተላላኪ ልጅ ጎትቶ አመጣ። ልጁ ከመብራቱ ፊት አልቀመጥም አለ፤ ቤርድ ከኪሱ ግማሽ ክራውን አውጥቶ በገንዘብ አስቀመጠው። በቴሌቪዥን ፊቱ የታየ የመጀመሪያው ሰው ይህ ልጅ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ጥር 18 ቀን እዚያው ቆጥ ላይ ሊቃውንት ተጠርተው አዩ። ልጁ እንደተከፈለው ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው አሥርት ዓመት እዚህ እኛ ጋ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዢ ሆነው የዛሬዋን ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪን፣ በፕላን ያሠሩ ነበር። ሩሲያ የተማሩ፣ እርሻ የሚወዱ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ኋላም በ1923 ለታወጀው ሕገ መንግሥት ዋናው አርቃቂ ሆነዋል። ግን ከሁሉ አስቀድሞ «ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው። ከተማችን በተውኔት ጸሐፊ እጅ መቀየሷን ሳስብ ጣሪያችን ላይ የሚሠራው ድራማ ያን ያህል አይገርመኝም።

ድራማው የጀመረው አዴ ዲሽ ገዝተው የገቡ ቀን ነው።

ድሮ አንቴና ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚታየው አዲስ አበባና አካባቢዋ ብቻ ነበር፤ ቀለም ያገኘው እንኳ አብዮቱ 10 ዓመት ሲሞላው ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ የደረሰበት ከተማ ሁሉ ጣሪያው ላይ የዓሣ አጥንት አበቀለ። ያን የዓሣ አጥንት የቀየሱት ያጊና ኡዳ የተባሉ ጃፓኖች ናቸው፤ ያውም ቤርድ ቆጡ ላይ ሲለፋ በነበረበት በዚያው በ1918። ረጅም የባሕር ዛፍ አጠና ይተከልለታል፣ አጥንቱ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ምስሉ ሲንሸዋረር ልጅ ተልኮ አጠናውን ያዞራል። ጣቢያው አንድ ስለነበር አቅጣጫውም አንድ ነበር። የሀብታምም የድሃም፣ የካድሬውም የነጋዴውም አጥንት ወደ አንድ ጎን ያያል። ጠብ የለም፤ ለምርጫ የሚያጣላ ነገር አልነበረማ።

የአዴ ዲሽ ግን ምርጫ ይዞ መጣ። ጓሮ እንዳይተከል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሰማዩን ጋርዶታል፣ ፊት ለፊት እንዳይሆን ልጆች ኳስ ይመቱበታል። «የመምህሩ ጣሪያ ጥሩ ነው» ተባለ። መምህሩ እኔ ነኝ፤ ጣሪያው የእኔ የሆነው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ዲሽ ሠሪው ጎረምሳ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ትከሻው ላይ ጥቅል ኬብል፣ ኪሱ ውስጥ ፒንሳና አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ፣ ጉንጩ ውስጥ ደግሞ የገለምሶ ቅጠል። ጫማውን አውልቆ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። አወጣጡን ላደንቅ ይገባኛል፤ ምስማር በተመታበት መስመር ብቻ እየረገጠ ነው የሚሄደው። ምስማር ካለ ከሥሩ እንጨት አለ፣ እንጨት ካለ እግር አይሾልክም። «አቦ መምህር፣ ከምስማር ውጪ የረገጠ ሰው አልጋህ ላይ ነው የሚያርፈው» አለኝ። አልጋዬን ወደ ጥግ ሳብኩት።

ከዚያ መስመር ተዘረጋ። ኢንጂነሩ ጣሪያ ላይ ዲሹን ይዞ፤ እኔ በመስኮቴ ወገቤ ድረስ ወጥቼ፤ የአዴ የልጅ ልጅ በረንዳ ላይ፤ አዴ ራሳቸው ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት። ኢንጂነሩ ሪሲቨሩ ላይ ቁጥሩን ሞልቶ ነው የወጣው፤ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000። ይህን ቁጥር አገሩ ሁሉ ከስልክ ቁጥሩ አስበልጦ ያውቀዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። ስትሬንግዝ ማለት ዲሹ አንድ የሆነ ነገር ሰምቷል ማለት ነው፤ ኳሊቲ ማለት የሰማው ነገር ቁም ነገር አለው ማለት ነው። የእኛው ስትሬንግዝ 88፣ ኳሊቲ ዜሮ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ስብሰባ ላይ አይጠፋም።

«ታየ?» ይላል ኢንጂነሩ።

«ታየ ወይ?» እላለሁ እኔ ወደ በረንዳ።

«ዱፌ?» ትላለች ልጅቷ ወደ ሳሎን፤ «መጣ?» ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

አዴ ዝም። መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ከዚያ «የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል!» ይላሉ። ልጅቷ «ዱፌ!» ብላ ትጮኻለች፣ እኔ «መጣ!» እላለሁ፣ ኢንጂነሩ ያን ጊዜ ዲሹን ጣት ያህል አሳልፎታል። «ባዴ!» ትላለች ልጅቷ። ጠፋ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሳተላይቱ ያለው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ምስሉ ከምድር ተነሥቶ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ብቻ። «መጣ» የምትለው ቃል ግን ከአዴ አፍ ተነሥታ በሁለት ቋንቋ ተተርጉማ፣ አሥር ሜትር ተጉዛ ኢንጂነሩ ጆሮ እስክትደርስ አምስት ሰከንድ ፈጀች። ሰማዩ በኩል ያለው ሥራ በደንብ የተሠራ ነው። ችግሩ ከቆርቆሮው ወዲህ ያለነው ነን።

አንድ ጊዜ አዴ በእርግጠኝነት «መጣ! ሰው አየሁ!» አሉ። ሁላችንም ተደሰትን። ትንሽ ቆይተው «ግን አማርኛም ኦሮምኛም አይችልም» አሉ። ሌላ ሳተላይት ነበር።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ዲሹን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በፀጉር ስፋት ሲያንቀሳቅስ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አንድ ሰው አይደለም፤ አሥር ሰው ነው የጮኸው። ከጎረቤት፣ ከመንገድ ማዶ፣ ከሻይ ቤቱ። ኢንጂነሩ ቁልፉን አጠበቀው፣ አጠበቀው፣ ላቡን ጠርጎ «ወላሂ አንደኛ!» አለ። ወርደን ሳሎን ስንገባ ኳሊቲ ዜሮ ነው። የጮኸው ሰፈሩ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በከፊሉ ቤት ጠፍቶ የነበረው መብራት መምጣቱ ነበር።

በአገራችን «መጣ» እና «ሄደ» ባለቤት የሌላቸው ግሦች ናቸው። መብራት መጣ፣ ውኃ መጣ፣ ኔትወርክ መጣ፣ ስኳር መጣ አይባልም፤ «መጣ» ብቻ ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው እንደ ቸገረው ይሞላዋል። ሰዋስው አስተምራለሁና ይህን ለተማሪዎቼ በምሳሌነት አቅርቤላቸዋለሁ። አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ባለቤቱ የት ሄደ?» ሲለኝ፣ ሌላው ከኋላ «እሱም ሄደ» አለው።

በሦስተኛው ሰዓት ምስሉ በእውነት መጣ። አዴ ቡና አፈሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር።

አዴ የሚወዱት ቃና ላይ የሚታየውን የቱርክ ድራማ ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየቀየረ ስላቀረበ፣ የአዴን ሳሎን ጨምሮ በየከተማው ያለው ሳሎን የኢስታንቡል ጎረቤት ሆነ። የእኛዎቹ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመት በምዕራብ በኩል ከናይልሳት ሰፈር ነበሩ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት ተብለው ኤንኤስኤስ 12 ወደሚባል ሳተላይት ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ያኛው በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ከአይቮሪ ኮስት በታች ካለው ባሕር በላይ ነው፤ ይኸኛው በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ከሲሼልስ ደሴቶች ብዙም ሳይርቅ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ። በአጭሩ የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ አንድም የፖለቲካ ተንታኝ ስለዚህ አልጻፈም።

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥታችሁ ዳገቱን ወደ ጭሮ ስትወጡ፣ ከዚያም በአርበ ረከቴ ወደ ሂርና፣ ወይም በኩኒና በበዴሳ ወደ ገለምሶ ስትሄዱ ጣሪያዎቹን አስተውሉ። ወደ ምዕራብ ዘመም ብሎ እንደ ተኳረፈ ሰው የተቀመጠው ናይልሳት ነው። ኢትዮሳት ግን በእኛ አገር ከአናት በላይ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ 68 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ስለዚህ ትልልቁ ዲሽ እንደ ምጣድ በጀርባው ተኝቶ ነው የሚታየው፤ ዝናብ ይጠራቀምበታል፣ ርግብ ትጠጣበታለች። መሣሪያ የሌለው ሰው በፀሐይ ሊያገኘው ይችላል። በመስከረም አጋማሽ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ያለችበት ቦታ ኢትዮሳት ነው። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ የምትደርስበት ደግሞ ናይልሳት። አሥር ሰዓት በእኛ ከተማ የበርጫ፣ የጫት ሰዓት መሆኑን ለማያውቅ እናገራለሁ።

በርጫውን የሚመሩት የአዴ ወንድም ሀጂ ናቸው። ሀጂ ድራማ አያዩም። የሚፈልጉት ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ጣቢያ ነው፤ ያ ደግሞ ናይልሳት ላይ ነው የሚገኘው። አንድ ቀን ወደ ቆጤ ቀና ብለው «ያ መምህር፣ አንድ ነገር አስረዳኝ» አሉ። «ስሰግድ የምዞረው ወደ ሰሜን ነው። ካዕባን በቴሌቪዥን ላይ ስል ለምን ወደ ምዕራብ ታዞሩታላችሁ?» ትክክል ናቸው፤ መካ ከጭሮ ቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ምስሉ ግን መጀመሪያ ወደ ግብፆቹ ሳተላይት ሄዶ ነው የሚመጣው። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ዙሪያ ጥምጥም ነዋ፤ እኔ በአውሮፕላን የሄድኩት ይቀርባል» አሉ።

እንግዲህ አንድ ዲሽ፣ ሁለት ሰማይ። ኢንጂነሩ ሲጠራ «ለአንድ ዲሽ ሁለት ዓይን ማሰር ይቻላል፣ ግን ለሚቀራረቡ ሳተላይቶች ነው፤ የእናንተዎቹ እኮ 64 ዲግሪ ተራርቀዋል» አለ። የአዴን ፊት አየ፤ የሀጂን ፊት አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። መስኮቴን አየ። ከመስኮቴ እስከ ዲሹ ያለውን ርቀት በክንዱ ለካ። አንድ ክንድ ከስንዝር።

በማግሥቱ የአዴ የልጅ ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም መጥቶ ብረቱ ላይ አራት ምልክት ተደረገ፤ ሁለት ለጎን፣ ሁለት ለከፍታ። አሥራ ሦስት ቁልፏ በቋሚነት ከትራሴ ሥር ገባች። ውሉ እንዲህ ነው፤ አዴ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን አንዴ ከመቱ ምሥራቅ፣ ሁለቴ ከመቱ ምዕራብ፣ ሦስቴ ከመቱ «ደህና ነው ተወው»። አራቴ ከመቱ ቡና ፈልቷል። ይህ የመጨረሻው ባይኖር ኖሮ ቤት እቀይር ነበር።

ኑሮዬ በዚህ ተቀየረ። አሥር ሰዓት ላይ የተማሪ ደብተር እያረምኩ «ጎ፣ ጎ» ይላል ወለሉ፤ ብእሬን አስቀምጬ ወገቤ ድረስ እወጣለሁ፣ ሁለት ብሎን አላላለሁ፣ ከሲሼልስ ወደ አይቮሪ ኮስት አዞራለሁ፣ አጠብቃለሁ። አመሻሽ ላይ «ጎ» ይላል፤ እመልሳለሁ። ከመንገድ ያለው ሰው የሚያየው ከቆርቆሮ ውስጥ ብቅ ያለ ግማሽ መምህር ነው። ተማሪዎቼ ሲያልፉ በአክብሮት ቆመው «ጤና ይስጥልን መምህር» ይላሉ። ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

የበርጫው ሰዎችም አማካሪዎቼ ናቸው። ቅጠሉ ገና ሲቀነጠብ ስለ ዲሽ የሚያውቅ የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ የጠፈር መሐንዲስ ይሆናል። አንዱ ዲሹን በጨው ውኃ ማጠብ ነው ይላል፣ ሌላው ከሥሩ ሽቦ አውጥተህ መሬት ቅበር ይላል፣ ሦስተኛው የራሳችንን ሳተላይት ከጭሮ ተራራ ላይ የምናመጥቅበትን ወጪ አስልቶ ጨርሷል። ሲመሽ ምርቃናው ይወርዳል፤ ማንም መሰላሉን አይነካም። «መምህር አለ» ይባላል።

ለነገሩ እኔ ቴሌቪዥን የለኝም። ኬብሉ በትራሴ አጠገብ አልፎ ነው ወደ ሳሎን የሚወርደው። በዚያች የጣት ውፍረት በማታክል ሽቦ ውስጥ በየማታው ቱርክ ሁሉ በጆሮዬ ሥር ታልፋለች፤ ስትካድ፣ ስታለቅስ፣ ስትታረቅ። አንዷንም አይቼ አላውቅም። ከታች የአዴን «ወይኔ ልጄን!» ስሰማ ነው አንድ ሰው መታሰሩን የምረዳው።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ክረምት ነው። የአዴ ድራማ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ማታ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሳሎኑ ሞልቷል። ሰማዩ ደግሞ በተራራው በኩል ጠቁሮ መጣና ወረደው። እንዲህ ያለ ዶፍ ሲጥል ዲሽ ይታወራል፤ ምልክቱ የሚመጣበት ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል። ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ለአዴ ማስረዳት የሚችል ሰው ጭሮ ውስጥ አልተወለደም። ጎ። ጎ። ጎ። ጎ። ጎ። አምስት ጊዜ፤ በውላችን ውስጥ የለም።

ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ለራሴ እንዳይመስላችሁ፤ ዲሹን ላስጠልለው ነው። እርጥብ ጨርቅ ከፊቱ መደቀን ነገሩን እንደሚያብስ የገባኝ ነፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦ ሁለተኛ ዲሽ ካደረገው በኋላ ነው። ከታች ድምፅ ተቀባበለ፤ «ሄደ!»፣ «ኧረ መጣ!»፣ «ባዴ!»፣ «መብራቱ ነው ወይስ ምስሉ?» ውኃው በአንገቴ ገብቶ በእግሬ ይወጣል። ጎርፉ ጋብ ሲል የአዴ ድምፅ ከበረንዳው ተሰማ። ሰማዩን እያዩ ነው።

«ያ ረቢ፣ ምን ልበልህ? ዝናቡ ይቁም እንዳልል ማሽላው አለ። ይዝነብ እንዳልል ልጅቷ ልትሞት ነው።»

ሀጂ ከውስጥ «ማሽላውን በይ» አሏቸው። አዴ ዝም አሉ። ዝምታቸው ትንሽ ረዘም አለብኝ።

ዝናቡ ሲያቆም ምስሉ መጣ፤ የሚታየው ግን የስም ዝርዝር ነበር። የድራማዋ ልጅ ትሙት ትዳን የሚያውቅ ስላልተገኘ በማግሥቱ ኢንጂነሩ ተጠርቶ ሁለተኛ ዲሽ እንዲተከል ተወሰነ። ዝናብን በሁለት ዲሽ ማቆም እንደማይቻል ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ ቢያንስ ከማዞር እገላገላለሁ ብዬ። አንዱ ምሥራቅ፣ አንዱ ምዕራብ፣ በመሐላቸው መቀያየሪያ። ሀጂ በሰላም ካዕባን፣ አዴ በሰላም ኢስታንቡልን።

የሁለተኛው ዲሽ ቋሚ የተመታው ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ማገር ላይ ነው። አሁን ነፋስ በምሥራቅ ሲመጣ አንዱ እግርጌዬን ያንቀጠቅጠዋል፣ በምዕራብ ሲመጣ ሌላው ራሴን። ምስማሩ በገባበት ቀዳዳ ሬንጅ ተቀብቷል፤ እየጠበቅን ነው። መቀያየሪያው ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ ነው የተሰቀለው፤ ኬብሉ ሳሎን ድረስ አልበቃም ተብሎ። ስለዚህ መጥረጊያው ሥራውን አልፈታም።

በወሩ መጨረሻ ኪራይ ልከፍል ወረድኩ። የለንደኑን ተላላኪ ልጅ፣ የዚያን የቴይንተንን ግማሽ ክራውን በልቤ ይዣለሁ፤ ቢያንስ የዲሽ አበል ይታሰብልኛል፣ ወይ ትንሽ ይቀነስልኛል። አዴ ቡና ቀዱልኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ትንሽ እንጨምራለን» አሉኝ።

«ለምን አዴ?»

«ፎቁ እኮ አሁን ሁለት ዲሽ አለው።»

በጭሮ በኩል የምታልፉ ሰዎች፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ ስታዩ በሁለት ዲሽ መካከል ከቆርቆሮ የወጣ ግማሽ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። እጃችሁን አንሡልኝ፣ ሰላም በሉኝ፤ ቡናም አይጠፋም። ብቻ በወዳጅነታችን ይሁንባችሁ፣ ከመንገድ ላይ «መጣ!» ብላችሁ እንዳትጮኹ።